ንብ የሚያባርር ምላስ

ምላሴ ረጅም ነው። ይህን ከሰው ከምትሰሙት እኔው ብነግራችሁ ይሻላል። አንበሳሜ፣ ተወልጄ ባደግሁበት ቤት፣ ይህ እንደ ነውር አይቆጠርም ነበር። አባቴ እንዲያውም "ይች ልጄ ገበያ ብትወጣ ተታላ አትመጣም" እያለ ይኮራብኝ ነበር። ወረታ ካገባሁ በኋላ ግን ይኸው ምላሴ ጉድ አፈላ ተባለ። ሰው አስቀየመ ቢሉኝ ባልደነቀኝ፤ እሱስ እውነት ነው። እኔን ያሉኝ ንብ አባረረች ነው።

አባቴ ንብ አናቢ ነበር። ስዳር የሰጠኝ ንብ ያለባቸው ሦስት ቀፎዎች ናቸው። ከቀርከሃ የተሠሩ፣ በዕበትና በአመድ የተለቀለቁ፣ አፋቸው በጨርቅ የተደፈነ። ከመኪና ሲወርዱ የባሌ ዘመዶች ትንሽ ቅር እንዳላቸው ፊታቸው ላይ አነበብሁ። የፎገራ ሰው እኮ ላም ካልተነዳለት ስጦታ የተሰጠው አይመስለውም። ላሞቻቸውም ላሞች ናቸው፣ አልዋሽም። እኔ ግን ደረቴን ነፍቼ ነበር የቆምሁ። ላም ማንም ይሰጣል። አባቴ ማሩን ይሸጥ ነበር እንጂ ንቡን ለማንም ሸጦ፣ ለማንም ሰጥቶ አያውቅም። ከእጁ ንብ የተቀበለ ሰው በአገራችን በደራ ሁሉ ቢፈለግ እኔ ብቻ ነኝ።

ከንቡ በፊት ግን የሰጠኝ ሌላ ነገር አለ፤ ጆሮ። ልጅ ሆኜ ጆሮዬን ቀፎው ላይ አስለጥፎ በጣቱ አንጓ ኳ ያደርግና "ምን አሉ?" ይለኛል። አጭር ድምፅ ሰጥተው ወዲያው ዝም ካሉ ደኅና ናቸው። ድምፁ ከረዘመና እንደ ለቅሶ ከተጎተተ አውራዋ ሞታለች፤ ቤቱ እናት አልባ ሆኗል ማለት ነው። ቀጠን ብሎ ከፍ ያለ እንደሆነ ተቆጥተዋል፤ ሻሽሽን ጥለሽ ሩጪ ይለኛል። አንዴም ጣቴን ማር ቀብቶ አንዲት ንብ አሳረፈበት። ስትራመድ ድምፅ የላትም። ስትነሣ ጥዝዝ አለች። "አየሽ፣ ንብ በአፏ አትናገርም፣ በክንፏ ነው የምትናገር" አለኝ። ሌላዋን ደግሞ በሻሽ እጥፋት ክንፏን ጫን አድርጎ ይዞ አቀበለኝ። ክንፏ ተይዞም ትጮኻለች። ጨርቁ እጄ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ክንፉን የሚያንቀሳቅሰው ደረቷ ነው፣ ደረቷ ሲርገበገብ ክንፏ ባይዘረጋም ድምፁ አይቀርም አለኝ። ኋላ የሳይንስ መምህርት ሆኜ ወረታ ስመደብ፣ ለስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች ማስመሪያ በጠረጴዛ ጫፍ አስይዤ ባስነጠርሁ ቁጥር፣ ድምፅ ማለት መንቀጥቀጥ ነው ባልሁ ቁጥር፣ የማስተምረው የአባቴን ትምህርት ነው። መጽሐፉ የተናገረው እሱ የነገረኝን ነው።

አማቴ ደግሞ ዝምተኛ ናቸው። ዝምተኛ ስላችሁ እንደ ሌላው ዝምተኛ እንዳይመስላችሁ። ከወረታ ወደ ይፋግ በሚወስደው መንገድ በኩል ባለችው መንደራቸው የጨዋ ሴት ምሳሌ ሲጠራ እሳቸው ናቸው የሚጠሩት። ሲቆጡ ድምፃቸው ይብሱን ይቀንሳል። ሊነቅፉኝ ሲፈልጉ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ይሉና በሹክሹክታ አንድ ቃል ጣል አድርገው ይሄዳሉ፤ እኔ ያንን ቃል ሳምንት ሙሉ ሳኝከው እከርማለሁ። በሹክሹክታ ከሚሰድብ ሰው ጋር መጣላት እንዴት እንደሚያናድድ የደረሰበት ያውቀዋል። ስጮህ እኔ ባለጌ፣ እሳቸው ምስኪን።

እና የመጀመሪያው ቀፎ በአንድ በጋ ማብቂያ ኮበለለ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ንቦቹ እንደ ጥቁር ደመና ከግቢው ተነሥተዋል። የሸክላ አፈር ብበትን፣ ሳሕን ብደበድብ፣ ነጠላዬ ወድቆ እስከ አስፋልቱ ብሯሯጥ፣ ወይ ፍንክች። ሳሕን ሲመታ ንብ ያርፋል ይባላል፤ የእኔዎቹ አልሰሙ ይሁን አልፈለጉ እንጃ። ባጃጆች ቆመው አሳለፉን። ንቦቹ የሩዝ ማሳውን ተሻግረው ወደ ጣና በኩል ሲጠፉ ቆሜ አየሁ። በዓመቱ አባቴ አረፈ። እሱ ባረፈበት ዓመት በሚያዝያ ሁለተኛውም ቀፎ ሄደ። ውስጡን ባይ የማር እንጀራው ተዝረክርኳል፣ ሰሙ ወርዷል፣ ባዶ ነው። አንድ ቀረኝ።

አማቴ የቀፎውን መሄድ ሰምተው ለእግዚአብሔር ያጥናሽ ብለው መጥተው ከጎኔ ተቀመጡ። ትንሽ ቆዩና ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ።

"ልጄ፣ ንብ ጠብ ያለበት ቤት አትቀመጥም። አባትሽ የሰጠሽን ምላስሽ ጨረሰው። የቀረችው እኔ ዘንድ ትምጣ። ለልደታ ማግሥት ጋሪ ይዤ እመጣለሁ።"

ከአባቴ የቀረኝ ያ አንድ ቀፎ ነው። ፎቶውም አለኝ፣ ጋቢውም አለኝ፤ ሕይወት ያለው፣ እሱ ሲሰማው የነበረውን ድምፅ የሚያሰማኝ ግን ያ ብቻ ነው። ከግቢዬ ከወጣ ደግሞ የወጣበት ምክንያት ለዘላለም ምላሴ ነው። ልጆቼም ይህንኑ ሰምተው ያድጋሉ። ባሌን አየሁት፤ ባሌ መሬት መሬቱን አየ። የሩዝ መፈተጊያ ማሽን ነው የሚያሠራ፣ ቀኑን ሙሉ በማሽን ጩኸት ውስጥ ስለሚውል ቤት ሲገባም እየጮኸ ነው የሚያወራ። የእሱ ጩኸት ንብ አያባርርም፤ የኔ ነው የሚያባርር። ይሁን እስቲ።

ንዴቴን ዋጥሁና እስከ ልደታ ዝም ልበል አልሁ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ይሉ የለ፤ ንብ ከቤት እንዳይወጣ ካደረገልኝማ ምን ከፋኝ። አምላክ ምስክሬ ነው፣ ዝም አልሁ። ባሌ ማታ ማታ በጎን ያየኝ ጀመር። "አሞሻል?" አለኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። "ሐኪም ቤት እንሂድ?" አለኝ። ክፍል ውስጥም እንደዚያው ሆነ። ሲረብሹ ቆሜ ዝም ብዬ ባያቸው ልጆቹ ደነገጡ፤ ቲቸር ልትቀየር ነው ተብሎ ተወራ። ጎረቤቴ አጥር ላይ ጎመን ስታቀብለኝ "ምነው፣ ሰው ሞተብሽ እንዴ እንደገና?" አለችኝ። ዝም ማለት እንዲህ የሚያደክም ሥራ መሆኑን አላውቅም ነበር፤ አማቴን ያን ጊዜ ትንሽ አደነቅሁ።

አንድ ቅዳሜ ታዲያ ባሌ ሥራ ነው፣ ልጆቹ የሉም፣ ቤቱ ጭር ብሏል። ከጠዋት ጀምሮ አንዲት ቃል ከአፌ አልወጣችም። ቀትር ላይ ልብስ ላሰጣ ስወጣ ቀፎው ያጉረመርማል። ከሩቅ የሚሰማ፣ ወፍራም፣ ሳይቋረጥ የሚሄድ ድምፅ ነው። አማቴ "ጠብ ሰልችቷቸው እኮ ነው የሚያጉረመርሙ" የሚሉት ይህንኑ ነው።

እጄ ላይ ያለውን እርጥብ ልብስ እንደያዝሁ ቆምሁ። ከማን ጋር ተጣልቼ? እዚህ ቤት ማን ተናገረ?

ቀረብሁ። ከአፉ ፊት ሳልቆም በጎን በኩል ቁጢጥ አልሁ። የቁጣ ድምፅ አይደለም፤ ቁጣ ቀጭን ነው። አውራ የሞተባት ቤት ለቅሶም አይደለም። ይህን ድምፅ አንበሳሜ ሰምቼው አላውቅም፤ አባቴም አላስተማረኝም። ከዚያ አየኋቸው። በቀፎው አፍ ላይ ተሰልፈው፣ ራሳቸውን ደፍተው፣ ጅራታቸውን ቀስረው፣ እግራቸውን ተክለው ቆመዋል። አይበሩም፤ ክንፋቸው ግን አይታይም፣ ከፍጥነቱ የተነሣ ጭስ መስሏል። እጄን ከአፉ ፊት ዘረጋሁ። ከውስጥ የሚወጣ ሙቅ ነፋስ መዳፌን መታኝ።

እያራገቡ ነው። ንቦቼ ቤታቸውን እያራገቡ ነው። ያ ሁሉ ጩኸት ማርገብገቢያ ነው።

ቀና ስል ባሌ የሠራላቸው መጠለያ አናቴ ላይ ያበራል። ቀፎዎቹ ገና ሲመጡ ዝናብ እንዳይነካቸው ብሎ በላይም በጎንም ቆርቆሮ የመታላቸው፣ አዲስ፣ ሰው ሁሉ ያደነቀው መጠለያ ነው። እኔም አድንቄያለሁ። አንበሳሜ ደጋ ነው፤ የአባቴ ቀፎዎች ደግሞ ሣር ክዳን ሥር ነው የኖሩ። እዚህ፣ በሚያዝያ ፀሐይ፣ በፎገራ ሜዳ ላይ፣ ቆርቆሮውን በእጄ ነካሁትና ጣቴን አፌ ውስጥ ከተትሁ። እኔ ንብ አሳደግሁ ስል ምጣድ ላይ ጥጄአቸው ኖሯል። የወረደው ሰም፣ የተዝረከረከው እንጀራ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስታው ከኀዘኑ በለጠብኝ። አባቴ ጆሮ ባይሰጠኝ ኖሮ ይህን አልደርስበትም ነበር። በገዛ ጆሮዬ ነው የደረስሁበት።

ባሌ ሲመጣ ያን ሁሉ ቀን ያጠራቀምሁትን ንግግር አንድ ላይ ለቀቅሁበት። መጀመሪያ ተሻላት ብሎ ደስ አለው። የጎኑ ቆርቆሮ ይነሣ፣ በላዩ የሩዝ ገለባ ይከመር ስል ግን ፊቱ ጠቆረ። "በገንዘቤ የሠራሁትን? የከብቶቹን ገለባ?" አለ። "የአባቴን ንብ ጠብሰህልኛል፤ ገለባ አትቆጥርብኝም" አልሁት። አልቆጠረም፤ ደግ ሰው ነው፣ ጩኸቱ ነው እንጂ። ንቦቹ ከገቡ በኋላ በምሽቱ ብርድ የጎኑን ቆርቆሮ ነቀለው፤ በላይ ገለባ ደልድለን አሰርን። በሰፊ ሳሕን ውኃ አቀረብሁላቸው፤ እንዳይሰጥሙ ጠጠር ጨመርሁበት። ከዚያ ወዲያ ቀትር በመጣ ቁጥር ከትምህርት ቤት እየሮጥሁ መጥቼ አዳምጥ ጀመር። ድምፁ ቀን በቀን ለዘብ እያለ ሄደ። አፉ ላይ የሚሰለፉትም እየተቀነሱ መጡ፤ የተረፉት ወደ አበባቸው ሄዱ።

በልደታ ማግሥት ከሰዓት በኋላ አማቴ ባሉት ቀን መጡ። ቃላቸው ቃል ነው። ባለጋሪው ፈረሱን ከበሩ ውጭ አቁሞ "ንብ ነው የምጭነው እንዴ? ይህን ማን ነገረኝ?" እያለ ያጉተመትማል። እስኪመሽ ንቦቹ እንዲገቡ መጠበቅ ነበረብን። ለአማቴ የሚጠጣ ውኃ ሰጠኋቸውና ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ክንፉ፣ ስለ ቆርቆሮው ሁሉን ነገርኋቸው። ጨርሰው አዳመጡኝ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ።

"ዝም ብለሽ ስለ ሰነበትሽ ነው የረጉት።"

ወገቤን ይዤ ተነሣሁ። "እንግዲያው ይምጡ" አልኋቸው፤ "እዚህ ቀፎው ሥር ቆመን እንጣላ። የልቤን እየጮኽሁ እናገራለሁ፣ እርስዎም ይናገሩኝ። ንቦቹ ከተነሡ ይውሰዷቸው፤ ገለባውንም እጨምርልዎታለሁ።"

ባሌ "ኧረ ተይ" አለ። ማን ሰምቶት። አማቴ ነጠላቸውን አስተካከሉና መጥተው ከጎኔ ቆሙ። ፈሪ አይደሉም፣ ይህን እመሰክራለሁ።

ጀመርሁ። ለልጄ ክርስትና ሳይጠይቁኝ አበ ልጅ መምረጣቸውን አነሣሁ። ወጤን ቀምሰው ለእህታቸው ጥቅሻ የሰጡበትን ቀን አነሣሁ። በሹክሹክታ የነገሩኝን ሁሉ ጮክ ብዬ መለስሁላቸው። ጎረቤት ለመገላገል አጥር ሥር ተሰበሰበ። እሳቸው ለእያንዳንዱ ቀስ ብለው፣ በዚያች ድምፃቸው መለሱልኝ። ንቦቹ ይገባሉ፣ ይወጣሉ፤ እግራቸው ላይ ቢጫ የአበባ ዱቄት ተሸክመው ወደ ቤታቸው ይወርዳሉ። ማን ይስማን። እኔ ግን አሁንም አማቴን ማስጮህ አልቻልሁም። በመጨረሻ እልህ ያዘኝና፣

"እርስዎ ደግሞ ስለ ንብ ምን ያውቃሉ? በዕድሜዎ አንድ ቀፎ አልነበረዎትም" አልሁ።

"ነበረኝ!"

ፈረሱ ጆሮውን አቆመ። ባሌ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደ። ድምፃቸው እንዲህ ያለ ነው ብሎ ማን ያስባል። ከደረት የሚወጣ፣ ሙሉ፣ ጥርት ያለ ድምፅ ነው።

"ነበረኝ አልሁሽ! እናቴ የሰጠችኝ ነበረኝ። አንቺ ብቻ ነሽ ንብ የተሰጠሽ? አንቺ ብቻ ነሽ አባት የነበረሽ?" አሉና ቀጠሉ። እኔን ሰደቡኝ፣ ልጃቸውን ሰደቡት፣ ስማቸውን የማላውቃቸውን ሰዎች ሰደቡ። ያለቀላቸው መስሎኝ ስጠብቅ እንደገና ይጀምራሉ። እኔም ረጅም ምላስ አለኝ ስል የኖርሁት ለካ ቀልድ ነው።

መሐል ላይ ድንገት ቆሙ። ቀፎውን አዩ። አንዲት ንብ ነጠላቸው ላይ አርፋ ነበር፤ ተነሣችና ወደ ቀፎው አፍ ገባች። አማቴ ጎንበስ ብለው ጆሮአቸውን ቀፎው ላይ አደረጉ። ብዙ ቆዩ። ከዚያ አጠገቡ ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

"ቀትር ላይ ነው ያልሽው፣ ሲጮሁ የነበረ?"

"አዎ፣ እማማ።"

"ወፍራም ድምፅ?"

"ወፍራም።"

"የእኔም ቀትር ላይ ነበር" አሉ።

ከዚያ ነገሩን። ሙሽራ ሆነው ሲመጡ በዚያች መንደር ቆርቆሮ ክዳን ያለው ቤት የእሳቸው ብቻ ነበር። ከእናታቸው የመጣውን ቀፎ ለክብር ብለው ከዚያ ቆርቆሮ ሥር፣ ከጣሪያው ጠርዝ ጋር አሰሩት። በመጀመሪያው በጋ ቀትር ቀትር ላይ ይጮህ ጀመር፤ ቆይቶም ኮበለለ። የባላቸው እናት ንቡ የሄደው በሙሽራዋ ድምፅ ነው አሉ። ከዚያ ወዲህ አማቴ ዝም አሉ።

"በምን ድምፅ?" አልኋቸው። አልገባኝም ነበር።

"ዘፈን አወጣ ነበር እኮ" አሉ። "ሠርግ ሲሆን ከሦስት መንደር መጥተው ነበር የሚወስዱኝ። ንቡ ሲሄድ ተውሁት።"

ባሌ መጥቶ ፊት ለፊታቸው ቁጢጥ አለ። አርባ ዓመት ሊሞላው ነው፤ የበኩር ልጃቸው ነው፤ አንድም ቀን ሲያንጎራጉሩ እንኳ ሰምቷቸው አያውቅም።

"እማዬ፣ አንቺ ዘፋኝ ነበርሽ?" አላቸው።

እሳቸው አላዩትም። ያዩት እኔን ነው። "ቆርቆሮው ነው አይደል?" አሉኝ፤ "አንቺ ታውቂያለሽ፤ ንገሪኝ። እኔ አይደለሁም፣ ቆርቆሮው ነው?"

የባለቤቴ ዘመዶች ሁሉ እያሉ እኔን ጠየቁኝ፤ የአባቴን ጆሮ ጠየቁ። ያን ያህል ኮርቼ አላውቅም፤ ያን ያህልም ልቅሶ መጥቶብኝ አያውቅም። በደንብ እንዲሰሙኝ ጮክ ብዬ፣

"ቆርቆሮው ነው እማማ፣ እርስዎ አይደሉም" አልኋቸው።